ምርኮው የሚከፈለው መቼ ነው?

መድረኩ ክብ ነው፤ ዙሪያው ባዶ ጨለማ። መሃሉ ላይ ኪልጄደን የሚባል ቀንዳም ጋኔን ቆሟል፤ ፊት ለፊቱ 20 ሰዎች ተሰልፈዋል። የእሳት አለት ከሰማይ መውረድ ሲጀምር የሚያርፍበትን ቦታ የሚያሳይ ክብ ምልክት መሬቱ ላይ ይበራል። ማንም ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ መሸሽ ነው የሚቃጣው። እዚህ ግን ትእዛዙ ተቃራኒው ነው፤ አንድ ሰው ክቡ ውስጥ ገብቶ አለቱን በራሱ ላይ ይቀበል። የሚቀበለው ከጠፋ ፍንዳታው ለሃያዎቹም ይዳረሳል። የተቀበለውም ቢሆን ገና አልተረፈም፤ ቀጥሎ የሚመጣው የግፊት ሞገድ ጠርጎ ወደ ጨለማው እንዳይወረውረው አቋቋሙን ቀድሞ ማስተካከል አለበት። አንዱ ቢዘገይ፣ ምንም ያላጠፉ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አብረውት ይሞታሉ። ከዚያ ተነስተው፣ ጉልበት የሚሰጠውን ምግብ በልተው፣ መድኃኒታቸውን ጠጥተው፣ መሪው "አሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት" እያለ ሲቆጥር ጠብቀው ከሀ ሁ ይጀምራሉ።

"ሜተድ" የተባለው የአውሮፓ ቡድን በጁላይ 2017 ይህን ጋኔን ከዓለም ቀድሞ እስኪጥል ድረስ ከ600 ጊዜ በላይ ከሀ ሁ ጀምሯል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጌሙ "ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት" ነው፤ እንዲህ ያለው የጋራ ዘመቻ ደግሞ "ሬይድ" ይባላል። ጌም ሲባል ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ አንድ ለአንድ ኳስ መጫወት ለሚታየው አንባቢ ይህ ሌላ ዓለም ነው። ቡድኑ፣ በተጫዋቾቹ ቋንቋ ጊልዱ፣ በሳምንት የተወሰኑ ምሽቶችን ቆርጦ ይገናኛል፤ ማመልከቻ ይቀበላል፣ አዲስ ገቢን ለሙከራ ያቆያል፣ የቀረና የተገኘውን ይመዘግባል። ሰው የሚጫወተው ለዓመታት ባሳደገው ገጸ ባሕርይ ነው። ዛሬ ያገኘው ሰይፍ ነገም፣ የዛሬ ወርም የእሱ ነው።

የዚህ ጌም የቅርብ ዘመድ ግን ሌላ ጠባይ ይዞ አድጓል። ብሊዛርድ በ2002 "ዋርክራፍት 3" የተባለ የስትራቴጂ ጌም ሲያወጣ፣ እየተዋጋ ደረጃው ከፍ የሚል ጀግና ሠራዊቱ ውስጥ አስገባ፤ ተጫዋቾችም የራሳቸውን ካርታ የሚሠሩበትን መሣሪያ አብሮ ሰጠ። የዚያው ዓለም ታሪክ በኖቬምበር 2004 ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ሆነ። ከካርታ መሥሪያው ደግሞ አንድ ተጫዋች በ2003 "ዶታ"ን ሠራ። ሌሎች እየተቀባበሉ አሳደጉት፤ በኋላ ቫልቭ የተባለው ኩባንያ "ዶታ 2" አድርጎ አወጣው። በ2009 የመጣው "ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ"ም የዚያው ዘር ነው። አምስት ሰው አምስት ሰው ይገጥማል፤ ሁሉም ከደረጃ አንድ፣ ከጥቂት ሳንቲም ይነሳል፤ ከአርባ ደቂቃ በኋላ አንዱ ምሽግ ይፈርስና የተገነባው ሁሉ ይጠፋል። ቀጣዩ ግጥሚያ እንደገና ከዜሮ ነው።

ሁለቱ ሲወዳደሩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የትኛው ይፈጥናል፣ የትኛው ይከብዳል የሚለው ነው። እኔ ግን ጎን ለጎን ሳያቸው ከሁሉ በላይ የሚለያቸው ምርኮው የሚከፈልበት ጊዜ ይመስለኛል። በሬይድ ጠላት ከወደቀ በኋላ ይከፈላል። በዶታ ጠላት ሳይነካ፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ። ቡድኑ ምን ዓይነት መሪ እንደሚያፈራ፣ ጠብ በምን እንደሚነሳ፣ ሰው ለምን እንደሚቆይና ለምን ጥሎ እንደሚሄድ አብዛኛው ከዚህ ይመነጫል።

የዘንዶ ሒሳብ

ነገሩ የጀመረው ከወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በፊት ነው። በ1999 በወጣው "ኤቨርክዌስት" ውስጥ አንድ ዘንዶ ለመግደል በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ይለፋሉ፤ ዘንዶው ሲወድቅ የሚገኘው ዕቃ ግን ከሁለትና ሦስት አይበልጥም። ማን ይውሰድ? ዕጣ ቢጣል ትናንት የገባው ጀማሪ ለዓመት የደከመውን ይቀድማል። መሪው ቢመርጥ ለወዳጁ አዳላ ይባላል። "አፍተርላይፍ" የተባለ ጊልድ መፍትሔ ብሎ ያመጣው የነጥብ መዝገብ "ዲኬፒ"፣ የዘንዶ ገዳይ ነጥብ፣ ተብሎ ወደ ሌሎች ጌሞች ሁሉ ተዛመተ። በተገኘህ ቁጥር ነጥብ ይመዘገብልሃል፤ ዕቃ ስትወስድ ከነጥብህ ይቀነሳል። እቁብ ነው ማለት ይቻላል፤ ዕጣ የሌለው፣ ተራው ሳይደርስ የሄደ ሰው ያዋጣውን የሚያጣበት እቁብ።

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በጀመረበት ዘመን ሬይዱ 40 ሰው የሚይዝ ስለነበር ሒሳቡ ባሰ። አንድ ጠላት ለአርባ ሰው ጥቂት ዕቃ ይጥላል፤ ያውም የጣለው ዕቃ ለቡድኑ ላይሆን ይችላል። አንድ ሰው የሚመኘውን ለማግኘት ወራት ይጠብቃል። ይህ መጠበቅ ነው ጊልድን ጊልድ ያደረገው። ነጥብ ያጠራቀመ ሰው ባለ ዕዳው ቡድኑ ስለሆነ አይሄድም። የጊልድ ጠቦች ሲተረኩም ብዙውን ጊዜ ታሪኩ አንድ ነው፤ እገሌ ሰይፉን ተቀበለና በሳምንቱ ሌላ ጊልድ ገባ።

መዝገቡ የራሱ በሽታ ነበረው። ነጥብ የሚቆጥብ ሰው ትንሹን ዕቃ አልወስድም ብሎ ለትልቁ ያደፍጣል፤ ቡድኑ ግን ዛሬ እንዲጠነክር የሚያስፈልገው ያ ትንሹ ዕቃ ነው። ስለዚህ ለድል የሚሮጡት ጊልዶች መዝገቡን ትተው ወደ ሸንጎ ዞሩ፤ ጥቂት ሹሞች ተሰብስበው "ይህ ዕቃ ለማን ቢሰጥ ነው ቡድኑ የሚጠቀመው?" ብለው ይወስናሉ። ፍትሕ ቀርቶ ጥቅም መጣ። ለዚህም ነው የሬይድ መሪ ከጦር አዛዥነቱ ይልቅ ዳኛነቱ የሚበዛው። ብሊዛርድ በ2018 መሪው ምርኮ የሚያድልበትን ሥርዓት አንስቶ ዕቃው በቀጥታ ለየግለሰቡ እንዲደርስ አደረገ፤ በ2022 ደግሞ ቡድኑ በጋራ የሚከፋፈልበትን መልሶ አመጣው። ዳኛውን ከጨዋታው ማውጣት እንዳሰቡት አልሆነላቸውም።

በዓለም ቀዳሚ ለመሆን የሚደረገው ሩጫ ይህን ሁሉ አግዝፎ ያሳያል። ድሮ ጊልዶች ዘዴያቸውን ደብቀው ሲጫወቱ ኖረው፣ በሴፕቴምበር 2018 ሜተድ ሩጫውን በቀጥታ ስርጭት ለሕዝብ አሳየ። ከ2020 ወዲህ የአሜሪካው "ሊኩዊድ" (ያኔ "ሊሚት" ይባል ነበር) እና ከሜተድ በወጡ ተጫዋቾች የተመሠረተው የአውሮፓው "ኤኮ" እየተፈራረቁ ያሸንፋሉ። ካሜራው የሚያሳየው 20 ሰው ነው። ከኋላ ግን ተጠባባቂ፣ ቁጥር የሚያሰላ፣ የተቀናቃኝን ስርጭት የሚከታተል አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቡድኑ ተከፋፍሎ ቀላሉን ደረጃ ደጋግሞ ሲያጸዳ አብረው እየገቡ የደረሳቸውን ዕቃ ለዋነኞቹ አሳልፈው የሚሰጡ ረዳቶች አሉ። የሌላን ሰው ዕቃ ለመግዛት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር የጨዋታ ወርቅ ይወጣል። የእነዚያ ረዳቶች ስም በድሉ ቀን አይጠራም።

የሬይድ ጠላት አይማርም። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ኪልጄደን በመጀመሪያው ሙከራ ያደረገውን በስድስት መቶኛውም ያደርጋል፤ አለቱ የሚወርድበት ሰከንድ ተጽፎ ያለቀ ነው። የሚማረው ቡድኑ ብቻ ነው፤ የሚገጥመውም ጠላትን ሳይሆን ጠላቱን የጻፈውን ባለሙያ ነው። ባለሙያውም ይሳሳታል። በ2006 መጀመሪያ የተከፈተው የአን ኪራጅ ቤተ መቅደስ የመጨረሻ ጠላት ክቱን ለወራት አልወድቅ አለ፤ የዓለም ምርጥ ጊልዶች እየሞቱ ተመላለሱ። ኋላ ብሊዛርድ ጠላቱን አስተካክሎ ሲያቀለው "ኒሂለም" የተባለው ጊልድ በአፕሪል ጣለው። እነዚያ ሰዎች ለወራት ሊሸነፍ የማይችል ነገር ሲገጥሙ መቆየታቸውን ሳስብ፣ ችሎታቸው ሳይሆን አለመበተናቸው ነው የሚገርመኝ። አብሮ ያቆያቸው ከግማሽ በላይ ያ የነጥብ መዝገብ ነው ባይ ነኝ።

ጠላቱ የተጻፈ ስለሆነም በሬይድ አንድ ድምፅ ይበቃል። መሪው ይናገራል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይሰማል። ከጊዜ በኋላ ያ ድምፅ ራሱ ወደ ማሽን ተላልፎ፣ ተጫዋቾች የሚጭኗቸው ተጨማሪ ፕሮግራሞች "አንተ ወደ ግራ፣ አንቺ ወደ ቀኝ" ማለት ጀመሩ። ነገሩ እየበዛ ሄዶ ብሊዛርድ በ2025 እነዚህ ፕሮግራሞች በውጊያ ላይ የሚሠሩትን ሊገድብ መሆኑን አስታወቀ።

ድሃው አምስተኛ

ዶታ ላይ ወርቅ የሚገኘው በዋናነት የጠላትን ተራ ወታደሮች በመግደል ነው። ሕጉ ጨካኝ ነው፤ ወርቁን የሚወስደው የመጨረሻውን ምት ያሳረፈው ብቻ ነው። ሁለት ሰው አንድ መስመር ላይ ቆሞ ሁለቱም ልሰብስብ ቢሉ ሁለቱም ደኽይተው ይቀራሉ። ስለዚህ ቡድኑ ከመግባቱ በፊት ተዋረድ ያበጃል። ቁጥር አንድ ወርቁን ሁሉ ይበላል፤ ቁጥር አምስት ምንም አይነካም። አምስተኛው ሥራው አንደኛውን መጠበቅ፣ የጠላትን እንቅስቃሴ የሚያሳዩ ቃፊሮችን ጨለማ ቦታ መትከል፣ አስፈላጊ ሲሆን ቀድሞ መሞት ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት ቃፊሩንና ዕቃ አመላላሹን የሚገዛው ከዚያችው ከሌለችው ሳንቲም ነበር። ሌላው ጫማ ሲገዛ እሱ በባዶ እግሩ ይሄዳል።

ይህ እኩል ያልሆነ ክፍፍል በየትም መዝገብ አይሰፍርም። በሬይድ ዛሬ ያልደረሰህ በሚቀጥለው ወር ይደርስሃል፤ በዶታ የተውከው ወርቅ ቀረ። ለዚህ ነው የዶታው መተው ከሬይዱ መጠበቅ ይከብዳል የምለው። የማይተዋወቁ አምስት ሰዎች ሲገናኙ ጠቡ ጨዋታው ሳይጀመር የሚፈነዳውም ለዚህ ነው፤ ድሃ ልሁን ባይ የለም። ቫልቭ በ2019 ተጫዋቾች ሚናቸውን ቀድመው መርጠው የሚሰለፉበትን አሠራር አመጣ፤ ቀጥሎም የደረሰውን ሚና ሁሉ ተቀብሎ የሚጫወት ሰው፣ በሌላ ጊዜ የፈለገውን ሚና የሚያገኝበት ነጥብ እንዲያጠራቅም አደረገ። ዘንዶ ገዳዮቹ ከሃያ ዓመት በፊት የደረሱበት መዝገብ በጓሮ በር ገባ ማለት ነው።

በባለሙያዎቹ ዘንድ ግን ድህነቱ ሌላ መልክ አለው። "ኖቴል" በሚለው የጨዋታ ስሙ የሚታወቀው የ"ኦጂ" ቡድን ካፒቴን በሁለቱ ታላላቅ ድሎቹ የተጫወተው በአምስተኛነት ነበር። በውድድር ሽልማት ባገኘው ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለዓመታት ከዓለም ተጫዋቾች አንደኛ የሆነው ይኸው ሰው ነው። ሁለተኛው አጠገቡ የቆመው አራተኛ፣ "ጄራክስ"። በጨዋታው ውስጥ ከሁሉ የደኸዩት በውጭ ከሁሉ የከበሩት ሆኑ።

ኦጂ ወደ 2018ቱ የዶታ 2 ዓለም ሻምፒዮና፣ "ዘ ኢንተርናሽናል"፣ የደረሰው ተቦጭቆ ነው። ውድድሩ ሦስት ወር ሲቀረው ሁለት ተጫዋቾች፣ አንዱ የኖቴል የብዙ ዓመት ጓደኛ፣ ወደ ተቀናቃኙ "ኢቭል ጂኒየስስ" ሄዱ። ቡድኑ አሠልጣኙን "ሴብ"ን ወደ ሜዳ አስገባ፣ "ቶፕሰን" የተባለ በትልቅ መድረክ ያልተፈተነ ፊንላንዳዊ ወጣት ቀጠረ፣ እረፍት ላይ የነበረውን "አና"ን መለሰ፣ ማንም ከሚገባበት ክፍት ማጣሪያም ተነስቶ ቫንኩቨር ደረሰ። እዚያ ጥለዋቸው የሄዱትን ጓደኞቻቸውን አሸንፈው ለፍጻሜ ቀረቡ።

በፍጻሜው የቻይናው ፒኤስጂ ኤልጂዲ 2 ለ 1 እየመራ በአራተኛውም ጨዋታ በወርቅ በልጦ ነበር። ሴብ የያዘው ጀግና አክስ ይባላል። ቀይ፣ ሰፊ ደረት፣ ባለ መጥረቢያ። ዋናው ጥበቡ መመታት ነው፤ ጠላት መሃል ዘሎ ሲገባና ሲጮህ፣ በዙሪያው ያሉት ሁሉ ለሦስት ሰከንድ ገደማ ሌላ ሥራቸውን ትተው እሱን ብቻ ይደበድባሉ። ጥበቡ ዋጋ የሚኖረው በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ሌሎቹ አራቱ ከደረሱ ብቻ ነው፤ ካልደረሱ ሰውየው በከንቱ ሞተ። ሴብ ዘሎ ገባ፣ አራቱ ደረሱ፣ ውጊያው ተገለበጠ። አዳራሹ ስሙን እየጎተተ ጮኸ። ኦጂ አምስተኛውን ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውንና 11 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወሰደ።

ዘሎ የሚገባው ሰው አራቱ እንደሚደርሱ በምን ያውቃል? ለመናገር ጊዜ የለም። በ2017 የታተመ ጥናት የሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ቡድኖችን በልዩ ልዩ የጋራ ፈተናዎች መዝኖ፣ የቡድኑ የጋራ ብልህነት በውድድር የሚኖረውን ውጤት እንደሚጠቁም አግኝቷል። ይህ ብልህነት የአባላቱ የሌላን ሰው ስሜት የማንበብ ችሎታ ከፍ ሲል፣ እንዲሁም ሴት አባል ስትኖር ከፍ ይላል። ቀደም ባሉ ጥናቶች ትልቅ ቦታ የነበረው ንግግር ግን እዚህ እምብዛም ሳይሆን፣ ሳይነጋገሩ መናበብ ነው ሚዛን የደፋው። አንድ ድምፅ የሚገዛውን ሬይድ ላየ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው።

በሁለቱ መካከል የቆመ አንድ ቅርጽ አለ፤ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ራሱ በ2007 ያመጣው "አሬና"። ሦስት ለሦስት ይገጠማል፤ ገጸ ባሕርዩ ከነዕቃው ይመጣል፣ ጠላቱ ግን የሚያስብ ሰው ነው። እዚህ የሚከፋፈሉት ሰከንድ ነው። ጠላትን አንዴ ካፈዘዝከው፣ ያው ዓይነት ማፍዘዣ ሲደገም ጊዜው በግማሽ ያንሳል፣ እየተደጋገመ ሲሄድም ጨርሶ አይሠራም። ስለዚህ ሦስቱ ሰዎች ማን መቼ ምን እንደሚጠቀም አንድ ሰዓት በጭንቅላታቸው ይቆጥራሉ። ተቻኩሎ ያፈዘዘ የጓደኛውን ሰከንድ ሰረቀ።

ያልተከፈለ ግምጃ ቤት

ምርኮው ጨርሶ ካልተከፈለስ? በሜይ 2003 በአይስላንዱ ሲሲፒ የወጣው "ኢቭ ኦንላይን" መልሱን ያሳያል። እዚያ ቡድን ማለት በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ፣ ግዛት፣ ግብርና ግምጃ ቤት ነው፤ ሀብቱ በየጊዜው አይታደልም፣ ይከማቻል። የተከማቸ ሀብት ደግሞ ቁልፍ ያዥ አለው። በፌብሩዋሪ 2009 "ባንድ ኦፍ ብራዘርስ" የተባለውን ኃያል ኅብረት ያፈረሰው መርከብ አይደለም፤ ከሹሞቹ አንዱ ወደ ጠላቱ "ጉንስዋርም" ከድቶ፣ በተሰጠው ሥልጣን ኅብረቱን ዘጋው። የዓመታት ግዛት በጥቂት ጠቅታ ሄደ።

በጃንዋሪ 2014 ደግሞ ቢ-አር5አርቢ በሚባል የኮከብ ሥርዓት የአንድ ጣቢያ ክፍያ ሳይከፈል ቀረ። ባለቤትነቱ ተነሳ፤ ሁለት ተቀናቃኝ ጎራዎች ሮጠው መጡ። ከ7,500 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ውጊያ 21 ሰዓት ፈጀ። ሰርቨሩ ጫናውን እንዲችል የጨዋታው ሰዓት ወደ አንድ አሥረኛ ፍጥነት ስለወረደ አንድ ተኩስ ደቂቃዎች ይወስድ ነበር፤ አውሮፓ ሊተኛ ሲሄድ አሜሪካ ከሥራ ተመልሶ ቦታውን ይረከባል። 75 ታይታኖች፣ ማለትም ለመሥራት ወራት የሚፈጁ ግዙፍ መርከቦች፣ ወደሙ፤ ኪሳራው በእውነተኛ ገንዘብ 300 ሺህ ዶላር ገደማ ተገመተ። ታይታን የአንድ ሰው ጉልበት አይሠራውም፤ ማዕድን ቆፋሪውም፣ ግብር ከፋዩም ድርሻ አለው። ተቃጥሎ ሲያልቅ ግን ለእነሱ ምን ደረሳቸው የሚል ሸንጎ አልነበረም።

ወደ ዶታ ስንመለስ የወርቁን ክፍፍል ጥያቄ በቁጥር የመለሰ አንድ ሙከራ አለ። "ኦፕንኤአይ" አምስት ጀግኖችን በራሱ የሚያጫውት ሥርዓት ሲያሠለጥን ለእያንዳንዱ ጀግና አንድ መለኪያ ሰጠ፤ ስሙንም የቡድን መንፈስ አለው። ከ0 እስከ 1 ይሄዳል። ዜሮ ላይ ጀግናው የራሱን ጥቅም ብቻ ያያል፤ 1 ላይ ግን የራሱና የጓደኞቹ ጥቅም አንድ ይሆንበታል። መሐንዲሶቹ ዝቅ አድርገው ጀምረው ሥልጠናው እየገፋ ሲሄድ ከፍ አደረጉት፤ መጀመሪያ ለራስ መኖርን ይማር፣ ከዚያ ለቡድን። የወጣው ጨዋታ ከሰው ልማድ ተለየ። ማሽኑ ለአራተኛና ለአምስተኛ፣ ለእነዚያ ለድሆቹ፣ በጊዜ ወርቅና ልምድ ያካፍል ነበር።

በአፕሪል 13 ቀን 2019 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ይህ ማሽን የዓለም ሻምፒዮኑን ኦጂን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ሁለተኛው ጨዋታ የፈጀው 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ከአራት ወር በኋላ ያው ኦጂ ሻንጋይ ላይ ዋንጫውን በድጋሚ በማንሳት የመጀመሪያው ቡድን ሆነ። በዚያ ውድድር፣ በፍጻሜውም ጭምር፣ ቁጥር አንዱ አና ከመረጣቸው ጀግኖች አንዱ አዮ ነበር። አዮ እንደ ኮከብ የሚንሳፈፍ ብርሃን ነው፤ በገመድ ከጓደኛው ጋር ይታሰርና ለራሱ ያገኘውን ጤና ለእሱም ያስተላልፋል። በተለምዶ የሚሰጠው ለአራተኛው ወይም ለአምስተኛው ነበር። አና ወርቁን ሁሉ ለአዮ አበላ።